ከሮቶው እስከ መደቡ፦ ለጓሮ ጠብታ መስኖ መጋቢ ቱቦ አዘረጋግ

ሮቶው ሙሉ ነው። ቫልቩም ተከፍቷል። የመጀመሪያው መደብ ላይ ያለው ጎመን ጭቃ ውስጥ ቆሟል፤ የመጨረሻው መደብ ላይ ያለው ቆስጣ ግን ጠውልጎ ተኝቷል። በጓሮው ጠብታ መስኖ የዘረጋ ሰው ይህን ችግር በደንብ ያውቀዋል። ብዙ ሰው ወዲያው የሚጠረጥረው ሻጮች ድሪፐር የሚሏቸውን ማንጠባጠቢያዎች ነው። ነቅሎ ያጥባቸዋል፣ ይቀይራቸዋል፣ ቀዳዳቸውን በመርፌ ያሰፋል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእነሱ በፊት ነው። ውሃውን ከሮቶው ተቀብሎ ለመደቡ የሚያስረክበው መጋቢ ቱቦ ወይ ቀጥኗል፣ ወይ ረዝሟል፣ ወይ መሃል ላይ ጎብጦ አየር ይዟል፣ ወይ ታጥፎ ታንቋል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ሮቶ ወይም በርሜል፣ ያለ ፓምፕ፣ በራሱ ክብደት ለሚወርድ ውሃ ነው። በፈረቃ ውሃ የሚኖር ሰው አትክልቱን የሚያጠጣው በዚህ መንገድ ስለሆነ። ለምሳሌነት የወሰድኩት ጓሮ ሦስት መደብ አለው። እያንዳንዱ መደብ 5 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ስፋት አለው። ሮቶው ከመደቦቹ 10 ሜትር ያህል ይርቃል። የእናንተ ጓሮ ከዚህ ቢለይም አሠራሩ ያው ነው፤ ቁጥሩን ብቻ ቀይሩ።

## መጀመሪያ ቱቦዎቹን ለዩ

ሱቅ ገብታችሁ «የድሪፕ ቱቦ» ብትሉ የተለያየ ነገር ሊሰጣችሁ ይችላል።

መጋቢ ቱቦ፦ ጥቁር ነው፣ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ምንም ቀዳዳ የለውም። ሥራው ውሃ ማመላለስ ብቻ ነው።

የመደብ መስመር፦ በመደቡ ርዝመት የሚተኛው ነው። ማንጠባጠቢያ እናንተ ትሰኩበታላችሁ፣ ወይም ከፋብሪካ ውስጡ ተገጥሞለት ይመጣል።

ቀጭን ቱቦ፦ የውስጥ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለአንድ የአበባ መትከያ ወይም ለአንድ ችግኝ ውሃ ለማድረስ ነው የሚሆነው።

ጠፍጣፋ ሆኖ ተጠቅልሎ የሚሸጥና ውሃ ሲገባበት የሚነፋ ስስ ላስቲክም አለ። እሱ ለመደብ ይሆናል፤ መጋቢ ግን አይሆንም፣ ሲታጠፍ ውሃውን ጭራሽ ያቋርጠዋል። ግልጽ የሆነውን ጎማም ለመጋቢነት አትጠቀሙ። ብርሃን ስለሚያስገባ ውስጡ አረንጓዴ አልጌ ይበቅላል፤ አልጌው ተላቆ ማንጠባጠቢያ ይደፍናል።

## ደረጃ 1፦ ከፍታውን ለኩ

ፓምፕ ከሌለ ግፊት የሚሰጣችሁ ከፍታ ብቻ ነው። እያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 0.1 ባር ገደማ ይሰጣል፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። ሮቶው ትልቅ ስለሆነ ግፊቱ አይጨምርም። ባለ 200 ሊትር በርሜልና ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ውሃቸው እኩል ከፍታ ላይ ከሆነ ግፊታቸው እኩል ነው።

1. የምትለኩት ከሮቶው የውሃ መውጫ እስከ ከፍተኛው መደብ ያለውን ልዩነት ነው። ከውሃው ወለል አትለኩ፤ ሮቶው ሲጎድል ያ ከፍታ ይጠፋል።
2. ጓሮው ተዳፋት ከሆነ በዓይን አትገምቱ። ግንበኞች ደረጃ የሚያወጡበትን ግልጽ ጎማ ተውሳችሁ ውሃ ሙሉበት። በሁለቱ ጫፍ ያለው የውሃ ወለል ምንጊዜም እኩል ነው፤ ከዚያ ወደ መሬት በሜትር ለኩ።
3. ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ካገኛችሁ በቂ ነው። 1 ሜትር ካገኛችሁም ይሠራል፤ ግን መስመሩ አጭር፣ ቱቦው ሰፊ መሆን አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ መጀመሪያ መቆሚያውን ከፍ አድርጉ።

ማስጠንቀቂያ፦ 500 ሊትር ውሃ ግማሽ ቶን ይመዝናል። ያለ ሲሚንቶ በተደራረበ ብሎኬት ወይም በአሮጌ አጠና ላይ ሮቶ አታስቀምጡ። ከስሩ ልጆች ይጫወታሉ። መቆሚያውን ብረት የሚበይድ ወይም ግንብ የሚያውቅ ሰው ይሥራው።

## ደረጃ 2፦ ቱቦው በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚያሳልፍ አስሉ

ይህን ደረጃ ሰው ይዘለዋል፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ነው።

በየመደቡ ሁለት መስመር፣ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ማንጠባጠቢያ እናድርግ። በስድስቱ መስመር ወደ 100 ማንጠባጠቢያ ይመጣል። ማንጠባጠቢያው ላይ «በሰዓት 4 ሊትር» ተብሎ ተጽፎ ይሆናል። ያ ቁጥር የ1 ባር ቁጥር ነው፤ ማለትም የ10 ሜትር ከፍታ። በምሳሌው ጓሮ ያለው ግን 1.5 ሜትር ነው እንበል። በተራ ማንጠባጠቢያ ግፊቱ ሲቀንስ ውሃው በግፊቱ ስኩዌር ሩት ልክ ይቀንሳል። በ1.5 ሜትር ከፍታ ባለ 4 ሊትሩ የሚሰጠው በሰዓት 1.5 ሊትር ገደማ ነው። ስለዚህ 100 ማንጠባጠቢያ በሰዓት 150 ሊትር ያህል ይፈልጋል።

መጋቢ ቱቦው ማሳለፍ ያለበት ይህንን ነው። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት።

ግፊቱ ቢለዋወጥም እኩል ውሃ እንዲሰጥ የተሠራውን ግፊት አስተካካይ ማንጠባጠቢያ አትግዙ። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ዋጋውም ከተራው ይበልጣል። ግን አብዛኛው በትክክል መሥራት የሚጀምረው ከ0.5 እስከ 1 ባር ባለው ግፊት ነው። ከሮቶ በሚወርድ ውሃ አንዱ ይፈሳል፣ ሌላው ይደርቃል። ለእናንተ የሚሆነው ተፈትቶ የሚታጠበው ተራው ነው።

## ደረጃ 3፦ የቱቦውን ስፋት ምረጡ

ለጓሮ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው 16 ወይም 20 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ የውጭ ስፋት ነው። የ16ቱ ውስጡ 13.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ውሃ በቱቦ ሲሄድ ከግድግዳው ጋር እየተፋተገ ግፊት ያባክናል። በ16 ሚሊ ሜትር ቱቦ በሰዓት 200 ሊትር ብታሳልፉ በየ20 ሜትሩ ወደ 37 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይባክናል። በዚያው ቱቦ 400 ሊትር ብታሳልፉ ብክነቱ እጥፍ አይደለም፤ 1.3 ሜትር ይደርሳል። ያላችሁ ጠቅላላ ከፍታ 1.5 ሜትር ከሆነ ውሃው ሳይደርስ ግፊቱ አለቀ ማለት ነው። የመጨረሻው መደብ ለምን እንደሚደርቅ ይኸው።

በተግባር እንዲህ አድርጉ፦

- በሰዓት እስከ 150 ሊትርና እስከ 15 ሜትር ርቀት ከሆነ 16 ሚሊ ሜትር ይበቃል።
- ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ከፍታችሁ 1 ሜትር ብቻ ከሆነ፣ ከሮቶው እስከ መደቦቹ ራስ 20 ሚሊ ሜትር ዘርጉ። በ20ው የሚባክነው ግፊት በ16ቱ ከሚባክነው ሲሶ አይሞላም።
- ቀጭኑን ቱቦ ከ1 ሜትር በላይ አታስረዝሙት። በአንድ ቀጭን ቱቦ ብዙ ማንጠባጠቢያ አትመግቡ።

እኔ የምመክረው ግን ሌላ ነገር ነው፤ በየመደቡ ራስ ላይ ትንሽ ቫልቭ ግጠሙ። ሦስቱን መደብ በአንዴ ከማጠጣት አንድ በአንድ ካጠጣችሁ በመጋቢው የሚያልፈው ውሃ ሲሶ ይሆናል፣ ብክነቱ ደግሞ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ሰፊ ቱቦ ለመግዛት ገንዘብ ያጠረው ሰው በዚህ ብቻ ችግሩን ይፈታል።

ከውጭ የመጣ ኪት ካላችሁ፦ ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣው ሙሉ ዕቃ ብዙ ቤት አለ። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ የአሜሪካው «ግማሽ ኢንች» የጠብታ ቱቦ የውጭ ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ 17.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ16 ሚሊ ሜትር ማገናኛ ጋር አይገጥምም። ወይ ይላላል፣ ወይ እሺ አይልም። ቱቦውን ከራሱ ማገናኛ ጋር ብቻ ተጠቀሙ። ሁለተኛ፣ የጎማ ማገናኛው ክር ከእኛ የቧንቧ ክር ጋር አንድ አይደለም። አንድ ሁለት ዙር ገብቶ ይቆማል፤ በፒንሳ አስገድዳችሁ ብታጠብቁት ሁለቱም ክር ይበላሻል። ሦስተኛ፣ ከኪቱ ጋር የመጣውን ግፊት መቀነሻ ከሮቶ ጋር አትግጠሙ። የሚቀነስ ግፊት የላችሁም።

## ደረጃ 4፦ ዕቃውን አሟሉ

ሥራው ተጀምሮ መሃል ላይ ከመሮጥ ከመጀመሪያው ይህ ሁሉ ይኑራችሁ፦

- መጋቢ ቱቦ፤ በምሳሌው ጓሮ ከሮቶው 10 ሜትር፣ በመደቦቹ ራስ ላይ 4 ሜትር፣ መጠባበቂያ 2 ሜትር፣ በድምሩ 16 ሜትር
- ለመደብ መስመር 16 ሚሊ ሜትር ቱቦ፣ 32 ሜትር
- ዋና ቫልቭ አንድ፣ ትናንሽ ቫልቮች በመደብ ቁጥር
- 120 ሜሽ ማጣሪያ (ሜሽ የወንፊቱ የድቀት ቁጥር ነው)፣ ተፈትቶ የሚታጠብ
- ከቧንቧ ክር ወደ ቱቦ የሚያሸጋግር ማገናኛ
- ቲ (ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ)፣ ጎሚቶ (የማዕዘን ማገናኛ) እና ቀጥተኛ ማገናኛ፤ ከሚያስፈልገው ሁለት ሁለት ጨምሩ
- የቱቦ መብሻ፣ መድፈኛ፣ የጫፍ መዝጊያ
- ቴፍሎን፣ ስለታም የአትክልት መቀስ፣ ሙቅ ውሃ በፔርሙዝ
- ቱቦውን መሬት ላይ የሚይዝ ሽቦ፤ እንደ ምርኩዝ ጎብጦ የተቆረጠ 6 ሚሊ ሜትር ፌሮም ይሆናል

ቱቦ ስትገዙ ጫፉን በጣታችሁ ጨምቁት። ስትለቁት ወዲያው ክብ ሆኖ ካልተመለሰ፣ ወይም ታጥፎ ነጭ መስመር ካወጣ አትውሰዱት። ግድግዳው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን። ስሱ ይረክሳል፤ ግን ማገናኛው ላይ ይሰነጠቃል።

ከሁሉም በላይ ቱቦውንና ማገናኛውን ከአንድ ሱቅ ግዙ። እዚያው ሱቁ ውስጥ አንዱን ማገናኛ ቱቦው ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። በእጅ ያለ ችግር ገብቶ ያለ ችግር ከወጣ አይገጥምም ማለት ነው።

## ደረጃ 5፦ የሮቶውን መውጫ አዘጋጁ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ አትቀይሩት። መውጫ፣ ዋና ቫልቭ፣ ማጣሪያ፣ አሸጋጋሪ ማገናኛ፣ መጋቢ ቱቦ።

1. መውጫው ከሮቶው ወለል ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ደለል ከታች ይቀራል።
2. ቴፍሎኑን ክሩ ላይ ከ8 እስከ 10 ዙር ጠቅልሉ፤ አቅጣጫው ዕቃው ሲጠብቅ የሚዞርበት ይሁን። በተቃራኒው ከጠቀለላችሁት ስታጠብቁ ተፈትቶ ይወጣል።
3. ቫልቩ ከማጣሪያው በፊት ይምጣ። አለበለዚያ ማጣሪያ ባጠባችሁ ቁጥር ሮቶውን ባዶ ማድረግ ሊኖርባችሁ ነው።
4. ማጣሪያው ላይ ያለውን ቀስት እዩ። ወደ ውሃው መሄጃ ማመልከት አለበት።
5. የፕላስቲክ ክር በእጅ አጥብቁ፣ ከዚያ በፒንሳ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ። ከዚያ ካለፈ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም የሚታየው ውሃ ሲሞላ ነው።

ቀጥታ ከመንገድ ቧንቧ ለመቀጠል ካሰባችሁ፦ የመስመሩ ግፊት ከሮቶው ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ማታ ማታ ሲጨምር የተሰካው ሁሉ ተፈትቶ ይበራል። ወደ 1 ባር የሚያወርድ ግፊት መቀነሻ ያስፈልጋል። ከሱ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የመጠጥ ውሃው ነው። ውሃ ሲቋረጥ መስመሩ ወደ ኋላ ይስባል፤ ከመደቡ ጭቃና ማዳበሪያ ይዞ ወደ ቤታችሁ ቧንቧ ሊገባ ይችላል። የማይመልስ ቫልቭ ሳይኖር በፍጹም አትቀጥሉ። መጀመሪያ ወደ ሮቶ ሞልቶ ከሮቶ ማጠጣት ከሁሉም ይሻላል።

## ደረጃ 6፦ ቱቦውን ዘርጉ

1. ጥቅልሉን ፀሐይ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል አስቀምጡት። ይለሰልሳል።
2. ጥቅልሉን እንደ ጎማ መሬት ላይ እያንከባለላችሁ ፍቱ። ጫፉን ይዛችሁ ከጎን አትጎትቱ፤ ይጠማዘዝና ይታነቃል። ለሁለት ሰው ቀላል ነው፤ አንዱ ጫፉን ይርገጥ፣ ሌላው ያንከባል።
3. መንገዱን አስተካክሉ። ከሮቶው እስከ መደቡ ራስ ቱቦው ያለማቋረጥ ወደ ታች መውረድ አለበት።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ቆም በሉ። በፓምፕ ለሚሠራ መስመር ይህ ብዙም አያሳስብም። ከሮቶ ለሚወርድ ውሃ ግን የሞት ሽረት ነገር ነው። ቱቦው በድንጋይ፣ በሥር ወይም በደረጃ ላይ ወጥቶ ከወረደ ጉብታው ላይ አየር ይታሰራል። ያለን ግፊት ያንን አየር ገፍቶ ለማስወጣት አይበቃም። ቫልቩ ክፍት ሆኖ፣ ቱቦው ደህና ሆኖ፣ ውሃው ይንቆረቆራል ወይም ጭራሽ አይመጣም። ድንጋዩን አንሱ፣ አፈሩን ቆፍሩ፣ ካልሆነ ቱቦውን አዙሩት። ጉብታው የግድ ከሆነ የጉብታው አናት ላይ አንድ ማንጠባጠቢያ ወደ ላይ አድርጋችሁ ሰኩ፤ አየሩ በዚያ ይወጣል።

4. ቱቦውን አትወጥሩት፤ ትንሽ እየተጠማዘዘ ይተኛ። ጥቁር ፕላስቲክ በቀን ሙቀት ይረዝማል፣ ማታ ያጥራል። በቀትር የዘረጋችሁት 15 ሜትር ቱቦ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ሊያጥር ይችላል። ወጥራችሁት ከሆነ ጠዋት ማገናኛው ወልቆ፣ ሮቶው ባዶ ሆኖ ታገኙታላችሁ።
5. ሽቦውን በየ1 ሜትር ከግማሹ ትከሉ። ቱቦውን ይያዘው እንጂ አይጨብጠው።
6. መጋቢው በጓሮው ከፍተኛ ጎን ይሂድ፤ የመደብ መስመሮቹ ከሱ ወደ ታች ወይም ደልዳላውን ይዘው ይሂዱ። መሬቱ በጣም ተዳፋት ከሆነ መደቦቹን ራሳቸውን አግድም ሥሩ።
7. ሰው ወይም መኪና የሚያልፍበት ቦታ ካለ በተራ ፒቪሲ ቧንቧ ውስጥ አሳልፉት። አሁን አትቅበሩት። መቅበር ከሙከራ በኋላ ነው።

## ደረጃ 7፦ ቁረጡ፣ አገናኙ

1. በስለታም መቀስ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። መጋዝ አትጠቀሙ፤ ብናኙ ውስጥ ገብቶ ማንጠባጠቢያ ይደፍናል።
2. የተቆረጠውን ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ሙቅ ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ንከሩ።
3. ወዲያው ማገናኛውን እያወዛወዛችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። ጥርሶቹ በሙሉ ገብተው ቱቦው ከማገናኛው ትከሻ ጋር መገናኘት አለበት።
4. ሲቀዘቅዝ ጎትታችሁ ፈትሹ።

ላይተር ወይም ሻማ አትጠቀሙ። ቱቦው ይቀጥንና ከወር በኋላ እዚያው ይሰነጠቃል። ዘይት፣ ቅባት ወይም ግሪስም አትቀቡ፤ ሲገባ ይቀላል፣ ሲወጣም እንደዚያው። ውሃ ብቻ ይበቃል።

መዞሪያ ላይ ቱቦውን በእጃችሁ አታጥፉት። 16 ሚሊ ሜትሩ በሰፊው ካልዞረ ይታነቃል። ቀጥ ላለ ማዕዘን ጎሚቶ አስገቡ። በሌላ በኩል ያለ ምክንያት ማገናኛ አታብዙ። የማገናኛው ቀዳዳ ከቱቦው ይጠባል፤ እያንዳንዱ ትንሽ ግፊት ይወስዳል። ቁርጥራጭ ቱቦ አምስት ቦታ ቀጥሎ መጋቢ መሥራት ቁጠባ ይመስላል፤ መደቡ ላይ ግን ያስከፍላል።

## ደረጃ 8፦ ማንጠባጠቢያ ከመሰካታችሁ በፊት እጠቡ

የመጋቢው ጫፍ ክፍት ይሁን። ዋናውን ቫልቭ በሙሉ ክፈቱና ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ አፍስሱ። ከቱቦው የሚወጣው መጀመሪያ አፈር፣ የቴፍሎን ክር፣ የፕላስቲክ ቅንጣት ነው። በባልዲ ተቀበሉት፤ አይባክን፣ ችግኝ ያጠጣል።

ባልዲው ሌላም ይነግራችኋል። ባለ 10 ሊትር ባልዲ በስንት ደቂቃ እንደሞላ ያዙ። በ2 ደቂቃ ከሞላ በሰዓት 300 ሊትር ነው። ይህ ቁጥር ደረጃ 2 ላይ ከጻፋችሁት እጥፍ ያህል ከሆነ ጥሩ ነው። ከሱ በታች ከሆነ አሁኑኑ ምክንያቱን ፈልጉ፤ ማንጠባጠቢያ ከተሰካ በኋላ መፈለግ ይከብዳል።

ቀጥላችሁ የመደብ መስመሮቹን በቲ አገናኙ። የእነሱንም ጫፍ ክፍት አድርጋችሁ አንድ በአንድ እጠቡ።

## ደረጃ 9፦ ብሱ፣ ሰኩ፣ ዝጉ

1. ቱቦው ቦታው ላይ ተኝቶ እያለ ብሱ። አስቀድማችሁ በስታችሁ ከዘረጋችሁት ይሽከረከርና ቀዳዳው ወደ መሬት ይዞራል።
2. ቀዳዳው ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ይሁን። ቫልቩ ሲዘጋ ቱቦው ወደ ውስጥ ይስባል፤ ቀዳዳው ጭቃ ላይ ከተቀመጠ የሚስበው ጭቃ ነው።
3. ለቱቦ በተሠራ መብሻ ተጠቀሙ። የጋለ ሚስማር ክብ ያልሆነ፣ ጠርዙ የቀለጠ ቀዳዳ ይሠራል፤ ያንጠባጥባል።
4. መብሻውን ቀጥ አድርጋችሁ አንዱን ግድግዳ ብቻ ብሱ። ከታች ከወጣ ሁለት ቀዳዳ ሆነ።
5. ማንጠባጠቢያውን «ጠቅ» እስኪል ሰኩ። የተሳሳተ ቦታ ከበሳችሁ መድፈኛ ሰኩበት፤ በፕላስተር አትሸፍኑት።
6. የመስመሩን ጫፍ በመዝጊያ ዝጉ። መዝጊያ ካለቀባችሁ ጫፉን አጥፋችሁ ሰፋ ካለ ቧንቧ በተቆረጠ ቀለበት ያዙት። ለመታጠብ በቀላሉ መከፈት አለበት፤ አታቅልጡት፣ አትለጥፉት።

## ደረጃ 10፦ በሃይላንድ ፈትኑ

ስድስት የሃይላንድ ጠርሙስ ከወገቡ ቁረጡ። ለሮቶው ቅርብ በሆነው መደብ ሁለት፣ በመሃለኛው ሁለት፣ በመጨረሻው ሁለት ማንጠባጠቢያ ስር አስቀምጡ። አንዱ በመስመሩ ራስ፣ ሌላው በጫፉ ይሁን። ሦስቱንም መደብ ክፈቱና 10 ደቂቃ ጠብቁ።

በምሳሌው ጓሮ እያንዳንዱ ጠርሙስ ወደ 250 ሚሊ ሊትር መያዝ አለበት። ከፍተኛውና ዝቅተኛው ከአንድ አስረኛ በላይ ካልተለያዩ ሥራው አልቋል። አሁን መጋቢውን ቅበሩ፣ ወይም በጭድ ሸፍኑት። መሸፈኑ ቱቦውን ከፀሐይ ያድነዋል፣ ውሃውንም ከመሞቅ ይጠብቀዋል።

በበጋ ለመነሻ በካሬ ሜትር 4 ሊትር ያህል በቀን ስጡ። 15 ካሬ ሜትር ስለሆነ 60 ሊትር ነው፤ በሰዓት 150 ሊትር ከሆነ 24 ደቂቃ ይፈጃል። ጠዋት በማለዳ አጠጡ። ቀትር ላይ ቱቦው ውስጥ የዋለው ውሃ ይፋጃል። ከሁለት ቀን በኋላ አፈሩን በጣታችሁ ቆፍሩና እዩ፤ ደረቅ ከሆነ ደቂቃ ጨምሩ፣ ከጨቀየ ቀንሱ።

## ሲበላሽ

ምንም ውሃ የለም። ማጣሪያውን ፍቱ። ንጹህ ከሆነ አየር ነው። የመስመሩን ጫፍ ክፈቱና ውሃው ሳያቋርጥ እስኪወጣ ጠብቁ። ነገ ከተመለሰ ጉብታውን ፈልጉ።

መጀመሪያው ይፈሳል፣ መጨረሻው ይደርቃል። መደቦቹን አንድ በአንድ አጠጡና እዩ። ከተስተካከለ መጋቢው ጠቧል፤ ወይ በተራ አጠጡ ወይ ወደ 20 ሚሊ ሜትር ቀይሩት። በተራም ካልተስተካከለ መንገዱን በእጃችሁ እየዳበሳችሁ የታነቀውን ቦታ ፈልጉ።

አንድ መስመር ብቻ ደርቋል። ቲውን ንቀሉት። አብዛኛውን ጊዜ ቅጠል ወይም የቱቦ ቁራጭ አፉ ላይ ተቀርቅሮ ይገኛል።

ማገናኛ ያንጠባጥባል። በሽቦ አትሰሩት። 3 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ጣሉ፣ አዲሱን ጫፍ በሙቅ ውሃ ነክራችሁ መልሳችሁ ሰኩ። አንዴ የሰፋ ጫፍ ዳግም አይይዝም።

ዶማ ቆረጠው ወይም አይጥ በላው። የተጎዳውን በሙሉ ቆርጣችሁ አውጡ፤ በቀጥተኛ ማገናኛ ቀጥሉ። ለዛሬ ብቻ ከሆነ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ጠባብ ጥብጣብ ወጥሮ መጠቅለል ያዘልቃል። አይጥ ብዙውን ጊዜ ወደ ቱቦው የሚመጣው ውሃ ጠምቶት ነው፤ ጥግ ላይ ጣሳ ውሃ ማስቀመጥ ይቀንሰዋል።

ማንጠባጠቢያው ነጭ ቅርፊት ይዟል። ውሃችሁ ከጉድጓድ ከሆነ የካልሲየም ቅርፊት ነው። ነቅላችሁ አቼቶ ውስጥ አሳድሩት፣ ጠዋት በንጹህ ውሃ እጠቡት። አረንጓዴና የሚያሟልጭ ከሆነ ደግሞ አልጌ ነው፤ መስመሩን በንጹህ ውሃ አጥባችሁ ብርሃን የሚገባበትን ቦታ፣ የሮቶውን ክዳን ጨምሮ፣ ድፈኑ። አቼቶና በረኪና በፍጹም አታቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

## ከዚያ በኋላ

ማጣሪያውን በሳምንት አንዴ እጠቡ። ከፈረቃ በኋላ ውሃ ሲመለስ ድፍርስ ከሆነ ግን ያኑ ዕለት እጠቡት። የመስመሮቹን ጫፍ በወር አንዴ ከፍታችሁ አፍስሱ። የሃይላንዱን ፈተና በየሦስት ወሩ ድገሙት፤ የመጀመሪያውን ውጤት ጽፋችሁ ካስቀመጣችሁ መቀነሱን ወዲያው ታውቃላችሁ።

ክረምት ሲገባ ጫፎቹን ክፈቱ፣ ውሃውን አፍስሱ። የመደብ መስመሮቹን ነቅላችሁ በሰፊው ጠቅልሉ፤ ጠባብ ጥቅልል ለሚቀጥለው በጋ መታነቂያ ያስቀምጥላችኋል። ጥላ ቦታ፣ ከአይጥ በራቀ ሚስማር ላይ ስቀሉት። የተቀበረው መጋቢ ባለበት ይቆይ፤ ሁለቱን ጫፍ ብቻ ጉንዳን እንዳይገባበት ዝጉት። መስከረም መጨረሻ ላይ ስትመለሱ ከደረጃ 8 ጀምሩ።